የቤት ኬላ
ስለ ራውተር ጥበቃ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር በዐይን ሲያዩት ታናሽ ነው። ኢንተርኔት በገባበት ትምህርት ቤት ኹሉ፥ በግድግዳ ላይ ወይም በርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፥ መጠኑ ከአንድ መጽሐፍ ብዙ የማይበልጥ፥ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ ሣጥን አለ። ስሙ ራውተር ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሣጥን ኢንተርኔትን የሚያመጣ ዕቃ መኾኑን ብቻ ያውቃል። ነገር ግን ሣጥኑ መንገድ መሪ ብቻ አይደለም፤ በር ጠባቂም ነው። ከውጭ የሚመጣውን እየመረመረ የተጠራውን ያስገባል፥ ያልተጠራውን ይመልሳል። ይህን የጥበቃ ሥራ ሊቃውንቱ በእንግሊዝኛ ቃል ፋየርዎል ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ኬላ ብንለው ነገሩን ይገልጠዋል።

ስለዚህ ኬላ በሰው ዘንድ ኹለት የተሳሳቱ ዐሳቦች አሉ። አንደኛው፥ «ሣጥኑ በቤታችን ሳለ ምንም ክፉ ነገር አይደርስብንም» የሚል ነው። ኹለተኛውም፥ «እኛ በገጠር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ማን ያውቀናል? ማንስ እኛን ለመዝረፍ ይደክማል?» የሚል ነው። የፊተኛው ዐሳብ ሰውን ያዘናጋል፤ የኋለኛው በሩን ያስከፍታል። የንግግሬም ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ ኬላው ያልጠራነውን ይከለክላል እንጂ፥ እኛ ራሳችን ጠርተን ያስገባነውን አይከለክልም፤ ስለዚህ ጥበቃው የሚጸናው ባለቤቱ አብሮ ሲነቃ ነው።

ይህን ነገር እንደ ቀላል አንቍጠረው። ቀድሞ የትምህርት ቤት ሀብት ጥቁር ሰሌዳ፥ ወንበርና መጽሐፍ ነበረ፤ ሌባም ቢመጣ የወሰደው ወዲያው ይታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር በገባበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ስምና ዕድሜ፥ የወላጆቻቸው የስልክ ቍጥር፥ የብዙ ዓመት ውጤታቸውም በዚያው ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። ከእናንተም ከሽማግሎች መካከል ልጆቻችሁ ከከተማና ከባሕር ማዶ የሚልኩላችሁን ገንዘብ በእጅ ስልክ የምትቀበሉ አላችሁ። ይህን የሚሰርቅ ሰው አጥር አይዘልም፥ ግድግዳም አይነድልም፤ በሌላ ክፍለ ዓለም ተቀምጦ ይሠራል። ጽሑፉን ገልብጦ ሲወስድም የተሰረቀው ነገር እንደ ነበረ በቦታው ስለሚገኝ፥ ባለቤቱ መሰረቁን ሳያውቅ ብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ የኢንተርኔትን መንገድ እንመልከት። አንድ ኮምፒዩተር ለሌላው መልእክት ሲልክ፥ መልእክቱን በብዙ ትናንሽ እሽግ ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱም እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይጻፍበታል። ይህ አድራሻ በቍጥር የተሠራ ሲኾን፥ የአይፒ አድራሻ ይባላል። ደግሞም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ፥ እሽጉ ወደ የትኛው ሥራ እንደሚገባ የሚያመለክት የበር ቍጥር ይጨመርበታል፤ ይህን ፖርት ይሉታል። የበሮቹ ቍጥር እስከ 65,535 ይደርሳል። ከእነዚህ በሮች አንዱ ጠባቂ ሳይኖረው ክፍት ኾኖ ቢገኝ፥ በዚያም በር የሚያገለግለው ፕሮግራም ጉድለት ቢኖርበት፥ ሌባው መግቢያ አገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ «ማን ያውቀናል?» ለሚሉት መልሱን ከዚህ ላይ እንሰጣለን። የኮምፒዩተር ሌባ ቤት አይመርጥም፥ ስምም አይጠይቅም። እስከ ዛሬ ብዙ የሚሠራበት የአይፒ አድራሻ ሥርዐት በጠቅላላው 4,294,967,296 አድራሻዎች አሉት። ይህ ቍጥር ለሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ለማሽን ግን ጥቂት ነው። በ2005 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር በ2013) በአሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል ፕሮግራም ሠርተው፥ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ፈጣን መስመር፥ ከእነዚህ አድራሻዎች ለሕዝብ የተከፈቱትን ኹሉ አንድ አንድ በራቸውን ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳዩ። እነርሱ ይህን ያደረጉት ለምርምር ነው፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ መሣሪያ በሌቦችም እጅ አለ። ስለዚህ በተራራ ሥር ያለች አንዲት ትምህርት ቤትና በታላቅ ከተማ ያለ ባንክ በዚህ በኩል ልዩነት የላቸውም፤ የኹለቱም በር ቀንና ሌሊት ይንኳኳል።

ፋየርዎል የሚለው ቃል ቀድሞ የግንበኞች ቃል ነበረ። ቤቶች ተጠጋግተው በሚሠሩበት ከተማ፥ አንዱ ቤት ሲቃጠል እሳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት በመካከል የሚቆም ግንብ ማለት ነው። በኢንተርኔት መጀመሪያ ዘመን እንዲህ ያለ ግንብ የሚያስፈልገው መኾኑን የተረዳ ሰው ጥቂት ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹና የምርምር ቤቶቹ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ተማምነው ይኖሩ ነበርና። በጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ1988) ግን ሮበርት ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ራሱን በራሱ እያበዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሻገር ፕሮግራም ለቀቀ። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ዎርም፥ ማለት ትል ይሉታል። በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋራ የተገናኙት ኮምፒዩተሮች 60,000 ያህል እንደ ነበሩ፥ ከእነዚህም 6,000 ያህሉ በትሉ እንደ ተያዙ ተገምቷል። ትሉ ጽሑፍ ባያጠፋም፥ ኮምፒዩተሮቹን በሥራ ብዛት አድክሞ አቆማቸው። ሞሪስም በ1982 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ1990) በፍርድ ቤት የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፥ የ400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ከዚህ በኋላ በኢንተርኔት መንገድ ላይ ኬላ ማቆም እየተለመደ ሄደ፤ ጥበቡም ከታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ወርዶ እስከ ቤት ራውተር ደረሰ።

አኹን ይህ ታናሽ ሣጥን እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅ እናስተውል። ሥራው በኹለት ነገር ይጠቀለላል።

የመጀመሪያው የአድራሻ ልውውጥ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብዙ መምህራን ሳሉት አንድ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ብቻ እንደሚኖረው፥ ራውተሩም ወደ ውጭ የሚታወቅበት አንድ አድራሻ አለው። በውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ግን ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ በሚጀምር የውስጥ አድራሻ ይጠራሉ። ይህ የውስጥ አድራሻ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ በአንድነት ስለሚሠራበት፥ በውጭው መንገድ ላይ አይላክበትም። ከውስጥ የሚወጣ እሽግ ሲመጣ ራውተሩ የውስጡን አድራሻ ለውጦ የራሱን ይጽፍበታል፤ መልሱ ሲመጣም ለማን እንደ ኾነ አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ ሥርዐት በ1986 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ1994) ተጽፎ ሲወጣ ዋናው ዐላማ አድራሻ እንዳያልቅ ነበረ፤ ነገር ግን ከውጭ የሚያንኳኳው ሌባ በውስጥ ያለውን ኮምፒዩተር በቀጥታ እንዳያገኘው አደረገ።

ኹለተኛው የመዝገብ ሥራ ነው፤ የኬላውም ዋና ኀይል ይህ ነው። አንድ ጥንቁቅ የኬላ ሹም በር ላይ ተቀምጦ፥ ከአገር የሚወጣውን ኹሉ በመዝገብ ይጽፋል እንበል፤ «ይህ ሰው በዚህ ሰዓት ወደዚያ አገር መልእክት ልኳል» ብሎ ይመዘግባል። በኋላ ከውጭ መልእክተኛ ሲመጣ መዝገቡን ይገልጣል። ለተላከው መልእክት መልስ ይዞ የመጣ ከኾነ ያሳልፈዋል፤ በመዝገቡ ከሌለ ግን ማን ነህ ብሎ ሳይከራከር ይመልሰዋል። ራውተሩም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ተማሪ መጽሐፍ ለማንበብ ወደ አንድ አድራሻ ጥያቄ ሲልክ፥ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ፥ የተቀባዩን አድራሻና የኹለቱንም የበር ቍጥር ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ ከመዝገቡ ጋራ አስተያይቶ ያስገባዋል። ጉዳዩ ካለቀ ወይም ጥቂት ጊዜ ዝም ከተባለ መዝገቡን ይፍቃል፤ በሩም ይዘጋል። መዝገቡን የመመልከቱ ሥራ የሚፈጸመው ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አድራሻ እያለቀ በመሄዱ፥ ዛሬ አይፒ ስድስተኛ የሚባል አዲስ የአድራሻ ሥርዐት እየተስፋፋ ነው። በዚህ ሥርዐት እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በውጭ የሚታወቅ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል፥ የመጀመሪያው መሸሸጊያ ይቀራል፤ የሚጠብቀን የመዝገቡ ሥርዐት ብቻ ይኾናል። ስለዚህ ፋየርዎል የሚለው ማዘዣ በራውተሩ ላይ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የኬላው ጥቅም በግልጥ የታየበት ጊዜ ነበረ። በነሐሴ ወር 1995 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ2003) ብላስተር የተባለ ትል ተነሥቶ በ135ኛው በር በኩል ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዐት የሚሠሩትን ኮምፒዩተሮች ወረራቸው። ሰውየው ምንም ሳይከፍት፥ ምንም ሳይነካ፥ ኮምፒዩተሩን ከመስመር ጋራ ስላገናኘ ብቻ ይያዝ ነበረ። በራውተር ጀርባ ለነበረው ኮምፒዩተር ግን ትሉ ከውጭ ሲያንኳኳ ያልተጠራ እንግዳ ስለ ኾነ በኬላው ይመለስ ነበር። የጉድለቱን መጠገኛ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በሐምሌ ወር አስቀድሞ አውጥቶት ነበረ፤ ብዙ ሰዎች ግን አልተጠቀሙበትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ጥድፊያው የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ኩባንያው በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኬላ ባለቤቱ ሳያዝ ራሱ ተዘግቶ እንዲገኝ አደረገ።

እስከዚህ የነገርኋችሁ ኬላው የሚችለውን ነው። አኹን የማይችለውን ልንገራችሁ፤ ከኹሉ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይህ ነውና።

ኬላው የተጠራውን አይከለክልም። በሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ2000) ከፊሊፒን አገር የተነሣ አንድ ቫይረስ በኢሜይል ደብዳቤ ውስጥ ተሸሽጎ ዓለምን አዳረሰ። የደብዳቤው አርእስት «እወድሃለሁ» የሚል ነበረ። የተቀበለው ሰው ደስ ብሎት አባሪውን ሲከፍት፥ ቫይረሱ በኮምፒዩተሩ ያሉትን ጽሑፎች ያበላሽና በባለቤቱ ስም ለወዳጆቹ ኹሉ ደብዳቤውን ይልክ ነበር። በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ተያዙ። ኬላው በዚህ ምን በደለ? ደብዳቤውን ባለቤቱ ራሱ ሄዶ አመጣው፤ ራሱም ከፈተው። ዛሬም ራውተሩ የተቈለፈ ሣንዱቅ ሲያልፍ መቈለፉን ያያል እንጂ ውስጡን ከፍቶ አይፈትሽም።

ደግሞ በኬላው ጀርባ የሚሠራውን አያይም። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ2017) ዋናክራይ የተባለ ትል ከ150 በማያንሱ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ያዘ። ጽሑፎቹን በምሥጢር ቍልፍ እየቈለፈ፥ ለመክፈቻው 300 ዶላር ይጠይቅ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በብዙ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ ተሰረዘ። ይህ ትል አንድ ጊዜ ወደ አንድ ቤት ከገባ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ኮምፒዩተር ይሻገር ነበረ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ባሉት ክፍሎች መካከል ኬላ የለምና። የዚህም ጉድለት መጠገኛ ኹለት ወር ያህል አስቀድሞ ወጥቶ ነበረ።

በገጠር ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ ኹሉ የሚቀርበው መንገድ ፍላሽ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። አንድ መምህር በከተማ በሕዝብ ኮምፒዩተር ላይ የሰካውን ፍላሽ አምጥቶ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው፥ ቫይረሱ በኬላው በኩል ሳያልፍ በኪስ ገባ ማለት ነው። እንደዚሁም የእጅ ስልክ በራሱ ሲም ካርድ ኢንተርኔት ሲጠቀም በትምህርት ቤቱ ኬላ በኩል አያልፍም። ስልክ ደውሎ «ከባንክ ነኝ፤ የምሥጢር ቍጥርዎን ይንገሩኝ» የሚለውን ሌባም ራውተር አይከለክለውም፤ የሚከለክለው የሰሚው ማስተዋል ነው።

ከኹሉ የከፋው ግን ጠባቂው ራሱ ሲሰረቅ ነው። ብዙ ራውተሮችና ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ኹሉም አንድ ዐይነት የይለፍ ቃል ይሰጣቸው ነበር፤ ገዢውም ሳይለውጠው ይተወው ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ (በአውሮጳ በ2016) ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ተነሥቶ፥ 60 ያህል የታወቁ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ፥ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ የቤት ራውተሮችን፥ ካሜራዎችንና የመሳሰሉትን ዕቃዎች ገዛ። ባለቤቶቹ ዕቃቸው እንደ ወትሮው ሲሠራ ስለሚያዩ ምንም አላወቁም። በጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እነዚህን የመሰሉ ዕቃዎች በአንድነት ታዘው ዳይን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በዘመቱ ጊዜ፥ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተዘጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል ለበጎ የተነገረ ነበረ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለክፋት ዋለ። ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝ መንግሥት ለሕዝብ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ኹሉ አንድ ዐይነት ወይም በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል ይዞ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉም ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ2024) ጀምሮ ጸና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚያስፈልገው ታላቅ ገንዘብ ወይም ልዩ ትምህርት አይደለም።

አንደኛ፥ የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በገባበት ቀን ለውጡ። አዲሱ ቃል ረዥም ይኹን፤ የትምህርት ቤቱ ስም ወይም የተመሠረተበት ዓመት አይኹን። በወረቀት ጽፋችሁ ከማኅተሙ ጋራ ቈልፋችሁ አስቀምጡት።

ኹለተኛ፥ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ከዚህ የተለየ ይኹን፤ የጥበቃውም ዐይነት ደብሊዩፒኤ ኹለት ወይም ሦስት የሚባለው ይኹን። ራውተሩ ለእንግዶች የተለየ መስመር የሚሰጥ ከኾነ፥ እንግዳ በእንግዳ መስመር ይግባ፤ የውጤት መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ከእርሱ ተለይቶ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፥ ራውተሩን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያስችለውን በር ዝጉ። ደግሞ ዩፒኤንፒ የሚባለውን ማዘዣ አጥፉ፤ ይህ ማዘዣ በውስጥ ያለ ዕቃ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ የኬላውን በር እንዲያስከፍት ይፈቅዳልና።

አራተኛ፥ የራውተሩና የኮምፒዩተሮቹ ማደሻ በወጣ ጊዜ ሳትዘገዩ አድሱ። ራውተሩ እጅግ አርጅቶ ሠሪው ማደሻ የማያወጣለት ከኾነ፥ ለመለወጥ ዐስቡ።

አምስተኛ፥ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ኬላ፥ «ራውተሩ ይበቃናል» ብላችሁ አታጥፉት። የግቢ በር ያለው ሰው የቤቱን በር ክፍት ትቶ አያድርም።

ስድስተኛ፥ ከውጭ የመጣ ፍላሽ በቫይረስ መመርመሪያ ሳይፈተሽ አይከፈት፤ ያልጠበቃችሁት ደብዳቤ አባሪም፥ ላኪው ወዳጃችሁ ቢኾን እንኳ፥ ጠይቃችሁ ሳታረጋግጡ አይከፈት።

ሰባተኛ፥ የተማሪዎችን መዝገብ ቅጂ በተለየ ዕቃ ገልብጣችሁ፥ ከኮምፒዩተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ኬላው ቢሰበር፥ ጠባቂውም ቢያንቀላፋ፥ የልጆቹ ድካም እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ስምንት ዓመት ደክሞ ያገኘው ውጤት በአንድ ሌሊት ጠፍቶበት ማስረጃ አጥቶ ቢቀር፥ ዕዳው የማን ይኾናል?

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎቻችሁ በምታስተምሩበት ጊዜ ፍርሃትን ሳይኾን ጥንቃቄን አስተምሯቸው። በሩን ፈርቶ መንገድ የሚዘጋ ሰው ዕውቀትንም ከውጭ ያስቀራል። ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተም ቃላችሁ በመንደሩ የሚሰማ ስለ ኾነ፥ «የምሥጢር ቍጥርህን ለማንም አትንገር» የሚለው ምክር ከእናንተ አፍ ሲወጣ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይደመጣል። ልጆቹ ዕቃውን ከእናንተ ይልቅ ያውቁታል፤ ሰውን መለየት፥ የሚያባብል ቃልንም መመርመር ግን ከእናንተ ይማራሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ከዚህ ወደየትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው ቀን የራውተሩን የይለፍ ቃል ማን እንደሚያውቀው፥ መቼስ እንደ ተለወጠ ጠይቁ፤ መልስ ያጣችሁ እንደ ኾነ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።